ለፕላስቲክ አውሮፕላን ፕራይመር፦ የትኛውን ልግዛ? የትስ ልርጨው?

ንስር ክንፍ (አዲስ አበባ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት ተገጣጣሚ የሞዴል አውሮፕላን ኪቶች አሉ። አንደኛው በ1/72 (ከእውነተኛው 72 ጊዜ ባነሰ ልክ) የተሠራ ሲ-47 ነው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገበት ዓይነት አውሮፕላን። ሁለተኛው በ1/144 የዝቬዝዳ ቦይንግ 787-8 ነው። ሲ-47ቱ ቀለም ያልነካው አልሙኒየም መስሎ እንዲያበራ፣ 787ቱ ደግሞ ገላው ነጭ፣ ጭራው አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ እንዲሆን አስባለሁ። ማጣበቁና መሞረዱ አልቋል። የቀረው ቀለም ነው፤ እዚያ ላይ ግን ቆሜአለሁ።

ፕራይመር፣ ማለትም ከቀለሙ በፊት ከሥር የሚቀባው ሽፋን፣ የግድ ነው ወይ? ያለ እሱ በቀጥታ የሚቀቡ ሰዎች አያለሁ። ሠፈራችን ያለ ጋራዥ ለመኪና የሚጠቀምበትን ግራጫ ፕራይመር በትንሽ ዕቃ ቀንሶ ሊሸጥልኝ ፈቃደኛ ነው፤ ዋጋው ርካሽ ነው፣ ይሆነኛል? ካልሆነ ወንድሜ ለገና ከአሜሪካ ስለሚመጣ በሻንጣው ላስመጣ እችላለሁ።

የምኖረው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከእናቴ፣ ከእኅቴና ከእኅቴ ሕፃን ጋር ነው። አንዲት ጠባብ በረንዳ አለችን። አፍንጫው 0.3 ሚሊ ሜትር የሆነ ኤርብራሽ (በአየር ግፊት ቀለም የሚረጭ መሣሪያ) እና ትንሽ ኮምፕሬሰር አለኝ። የመተንፈሻ ጭምብል የለኝም፤ ከኮቪድ ጊዜ የተረፈ የሕክምና ማስክ ግን ሞልቷል።

ሙጫና ሞረድ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ንስር፣ የግድ መሆን አለመሆኑን የሚወስነው ከላዩ የምትቀባው ቀለም ነው። ላከር (ሟሟ በሚባል ጠንካራ ፈሳሽ የሚቀጥን) ቀለም ባዶ ፖሊስታይሪን (ኪቱ የተሠራበት ፕላስቲክ) ላይ ያለ ፕራይመርም ይይዛል፤ ሟሟው የፕላስቲኩን ገጽ በትንሹ ነክሶ ይገባልና። በውኃ የሚቀጥነው አክሪሊክ ግን አይነክስም። ላዩ ላይ ተኝቶ ይደርቃል፤ የወረቀት ፕላስተር ለጥፈህ ስታነሣ አብሮ ይነሣል። አንተ ደግሞ ጭራውን በሦስት ቀለም ለመቀባት ፕላስተር ደጋግመህ መለጠፍህ አይቀርም። ስለዚህ ለአንተ የግድ ነው።

ሌላው ምክንያት መጋጠሚያው ነው። የሲ-47ቱ ገላ ከግራና ከቀኝ ግማሽ የተጣበቀ ስለሆነ ከአፍንጫው እስከ ጭራው ስቱኮ አድርገህበታል ብዬ እገምታለሁ። ስቱኮና ፕላስቲክ ቀለምን እኩል አይመጥጡም፤ ያለ ፕራይመር ብትቀባ መስመሩ ከቀለሙ ሥር ይታያል። በዚያ ላይ ግራጫ ፕላስቲክ ላይ ነጭ ስቱኮ ሲኖር ዓይን ይታለላል። ለስላሳ የመሰለህ ቦታ አንድ ወጥ ቀለም ሲለብስ ጎድጎድ ብሎ ታገኘዋለህ። እንዲያውም የመጀመሪያው ዙር የሚረጨው ጉድለቱን ለማየት ነው። መብራቱን ከጎን አብርተህ ተመልከተው፣ የጎደለውን ሙላ፣ በ1000 ከዚያም በ2000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ውኃ እያስነካህ አሸው፣ ከዚያ ድገመው።

ከላከር ፕራይመሮቹ የሚስተር ሰርፌሰር ቤተሰብ 500፣ 1000፣ 1200 እና 1500 ቁጥር አለው፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ይልማል። 500 የጭረት መሙያ ነው፣ ለአንተ አይሆንም። ለብረት መልክ 1500ን ያዝ። የታሚያው ፋይን ሰርፌስ ፕራይመር በሚረጭ ጣሳ ይመጣል፤ ግራጫ፣ ነጭ፣ ሮዝና የዝገት ቀይ አለው። በውኃ ከሚሠሩት ቫሌሆና ስታይኒልሬዝ የታወቁ ናቸው።

የፕራይመሩን ቀለም ከላዩ ከሚመጣው ጋር አስማማው። ለ787ቱ ነጭ ነው። ቢጫ ሸፋኝ ቀለም አይደለም፤ ግራጫ ላይ ሲያርፍ ወደ አረንጓዴ ያደላል፤ ቀዩም ይሞታል። ለሲ-47ቱ መጀመሪያ ግራጫ ለመፈተሻ፣ ቀጥሎ አንጸባራቂ ጥቁር፣ ከላዩ የብረት ቀለሙ። ጥቁሩ አንጸባራቂ መሆኑ ላይ ችላ አትበል። የብረት ቀለም በጣም ስስ ሆኖ ስለሚረጭ ብርሃኑን የሚያገኘው ከሥሩ ካለው ልስላሴ ነው። ድብዝ ጥቁር ላይ ብትረጨው የምታገኘው አልሙኒየም ሳይሆን ግራጫ ነው።

በ1/144 ደግሞ ውፍረቱን ተጠንቀቅ። 0.05 ሚሊ ሜትር የሆነ ሽፋን በእውነተኛው አውሮፕላን ልክ ሲሰላ ከ7 ሚሊ ሜትር በላይ ነው። የገላውን ስስ መስመሮች ለመድፈን ይበቃል።

የቃሊቲው ቀቢ (አዲስ አበባ)

ልጄ ንስር፣ እንጀራዬ የመኪና ቀለም ነው፤ ሞዴል የምሠራው እሑድ እሑድ ለመዝናናት ነው። ስለ ጋራዡ ዕቃ እኔ ልናገር።

«የመኪና ፕራይመር» የሚባል አንድ ነገር የለም። በቲነር ቀጥኖ ብቻውን የሚደርቅ አለ። ማጠንከሪያ ተቀላቅሎበት የሚጠነክር ባለ ሁለት ጣሳ አለ። አሲድ ያለበት፣ ብረት ነክሶ የሚይዝም አለ። በዋናነት የታሰቡት ለብረት ነው፤ ብረት ደግሞ በቲነር አይቀልጥም። ያንተ ፕላስቲክ ይቀልጣል። በየጋራዡ ያለው የናይትሮ ቲነር ቶሉዊንና አሴቶን የመሳሰሉ ሟሟዎች አሉበት። ፖሊስታይሪን ላይ በእርጥቡ ካረፈ ገጹን ያሳብጠዋል፣ ይሰነጣጥቀዋል፣ ያንን የለፋህበትን መስመር ይበላዋል። ያንን ብርጭቆ ወረቀት አይመልሰውም።

«ባምፐርም እንቀባበታለን እኮ» ቢሉህ አትታለል። ባምፐር አብዛኛውን ጊዜ ፖሊፕሮፒሊን ነው፤ ቲነር የማይበላው፣ ቀለምም በቀላሉ የማይዘው ፕላስቲክ። ለእሱ የተለየ ማያያዣ ይረጭለታል። ከአንተ ኪት ጋር ዝምድና የላቸውም።

ባለ ሁለት ጣሳውን ግን ለፕላስቲኩ ብቻ ብዬ አይደለም የምከለክልህ። ማጠንከሪያው ውስጥ ኢሶሳያኔት አለ። ሳንባን ለአስም የሚዳርግ ነገር ነው፤ ሰውነት አንድ ጊዜ ከተቆጣበት በኋላ ትንሿ መጠን እንኳ ታስነሣዋለች። በጠረኑ አታውቀውም፤ ሳይሸትህ ሊጎዳህ ይችላል። በወጉ በሚሠራበት ቦታ ቀቢው ንጹሕ አየር በቱቦ እየደረሰው ነው የሚረጨው። ሰውየው ከሁለት ዕቃ ቀድቶ ሲያቀላቅልልህ ካየህ አመስግነህ ውጣ።

ሻርጃ 72 (ሻርጃ)

ጋሼ ቀቢ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ በባለ ሁለት ጣሳው ፍጹም እስማማለሁ፤ ብቻውን በሚደርቀው ላይ ግን ትንሽ ጨከኑ። እኔ ከመኪና መለዋወጫ መደብር የምገዛውን ግራጫ የሚረጭ ጣሳ ለዓመታት ፖሊስታይሪን ላይ ስጠቀም ኖሬአለሁ። ምሥጢሩ አለማጥለቅ ነው። ከ25 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀት፣ ከሞዴሉ ውጭ መጫን ጀምሮ ሞዴሉን አልፎ መልቀቅ። የመጀመሪያው ዙር ብናኝ ብቻ ይሁን፤ ፕላስቲኩ ከሥሩ እየታየ ይቅር። እሱ ሲደርቅ ለሚቀጥለው መከላከያ ይሆናል።

ስለ ሻንጣው፦ ንስር፣ ወንድምህን አታስቸግረው። ተቀጣጣይ ቀለም፣ ቲነርና የቀለም ስፕሬይ ጣሳ በመንገደኛ ሻንጣ ማጓጓዝ የተከለከለ ነው፤ በእጅ ሻንጣም ሆነ በሚጫነው። ሚስተር ሰርፌሰርም፣ ማቅጠኛውም፣ የታሚያ ጣሳም እዚህ ውስጥ ይገባሉ። በውኃ የሚሠራና የማይቀጣጠል ፕራይመር ሌላ ጉዳይ ነው። የአምራቹን የደኅንነት መረጃ ወረቀት አትሞ ከብልቃጡ ጋር ቢያስቀምጥ ለሚጠይቀው ሰው መልስ ይኖረዋል፤ የመጨረሻው ውሳኔ ግን የአየር መንገዱ ነው።

የቃሊቲው ቀቢ (አዲስ አበባ)

ሻርጃ፣ አንተ የምትለው በፋብሪካ ተመጥኖ በጣሳ የታሸገ ነው፤ ሁልጊዜም አንድ ዓይነት ነው። ንስር የሚገዛው ከትልቅ ዕቃ ተቀንሶ፣ ማን በምን ቲነር እንዳቀጠነው የማይታወቅ ነው። የዛሬው ቢስማማው የሚቀጥለው ሳምንቱ ላይስማማው ይችላል። ልዩነታችን እዚህ ላይ ነው እንጂ በእጅ አያያዙ እስማማለሁ።

ላቦራቶሪ (ሽቱትጋርት)

ወንድሜ ንስር፣ ስለ ምርጫው ሌሎቹ በቂ ብለዋል። እኔ የሙያዬን ልናገር፤ ሥራዬ ኬሚካል ነው።

የሕክምና ማስኩን ተወው። የተሠራው የአፍና የአፍንጫ ጠብታን ለማገድ ነው። ኤን 95 እንኳ የሚይዘው ብናኝን ብቻ ነው፤ የሟሟ ትነት ጋዝ ስለሆነ በጨርቁ ውስጥ ያልፋል። የሚያስፈልግህ ፊት ላይ ገጥሞ የሚቀመጥ የጎማ ግማሽ ጭምብልና ሁለቱንም የሚይዝ ማጣሪያ ነው። በአውሮፓ አሠራር «ኤ2ፒ3» የሚል ጽሑፍ ያለው ነው፤ ቡናማው ቀለበት ለኦርጋኒክ ትነት፣ ነጩ ለብናኝ ነው። በአሜሪካ አሠራር ደግሞ የኦርጋኒክ ትነቱ ጥቁር፣ የብናኙ ፒ100 ሐምራዊ መሰል ቀይ ነው። ይህ የማይቀጣጠል ዕቃ ስለሆነ ወንድምህ ያለ ችግር ሊያመጣልህ ይችላል። በሻንጣው ውስጥ ለአንድ ነገር ብቻ ቦታ ካለው ይህን ያምጣ።

ጢም ካለህ ጭምብሉ አይገጥምም፤ ትነቱ በጠርዙ ይገባል። ማጣሪያውን በእጅህ ሸፍነህ አየር ሳብ፤ ጭምብሉ ፊትህ ላይ ተጣብቆ ከቀረ ገጥሟል። ስትጨርስ ክፍት ቦታ ላይ ሰቅለህ አትተወው። በማጣሪያው ውስጥ ያለው ከሰል ባትረጭም እንኳ ከክፍሉ አየር እየመጠጠ ስለሚሞላ አየር በማያስገባ ላስቲክ አሽገህ አስቀምጠው። ጭምብሉን አድርገህ ቲነር ከሸተተህ ማጣሪያው አልቋል።

«በውኃ የሚሠራው አይሸትም፣ ስለዚህ አይጎዳም» የሚል አነጋገር በየቦታው አያለሁ። ኤርብራሽ የሚሠራው ጠብታውን እጅግ አድቅቆ ነው። ደቃቁ የፕላስቲክና የቀለም ዱቄት አየር ላይ ይንሳፈፋል፤ ሳንባ ውስጥ የሚገባው ሽታው ብቻ አይደለም። ለውኃውም ቢሆን ጭምብል አድርግ፤ ሕፃኑ ባለበት ክፍል ደግሞ ምንም አትርጭ።

እሳትን በተመለከተ ለብቻው ልበል። የስፕሬይ ጣሳ ገፊ ጋዙ ብዙ ጊዜ ቡቴንና ፕሮፔን ወይም ዳይሜቲል ኤተር ነው፤ ሁሉም ይቀጣጠላሉ። የእነዚህም፣ የላከር ሟሟውም ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወደ ታች ይወርድና ወለል ለወለል ይሄዳል። ቤታችሁ ውስጥ ዝቅ ብሎ የሚቀመጥ እሳት ምን እንዳለ አስብ። የቡና ምድጃ አለ አይደል? ከሰሉ አመድ ለብሶ የጠፋ ቢመስልም ውስጡ ፍም ነው። ዕጣኑም እንደዚሁ።

ንስር ክንፍ (አዲስ አበባ)

እኅቴ ላቦራቶሪ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ችግሩ እናቴ ቡናዋን የምታፈላው በዚያችው በረንዳ ላይ ነው። ምድጃውን፣ ረከቦቱን፣ በርጩማዋን ዘርግታ፣ ጎረቤት ጠርታ። ከእዚያ ቦታ ማስነሣት የማይታሰብ ነው። ከእኛ በታች ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያሉትም ከሰል የሚያያይዙት በረንዳቸው ላይ ነው። ጎን ደግሞ የተሰጣ ልብስ አለ።

ላቦራቶሪ (ሽቱትጋርት)

እንግዲያው ላከርና የሚረጭ ጣሳ በዚያ በረንዳ ላይ አይረጭም። እናትህ ቡና ባያፈሉ እንኳ ትነቱ የሚወርደው ወደ ታችኛው በረንዳ ነው፤ እዚያ ከሰል መቼ እንደሚያያዝ አንተ አታዝም። ይህ የሚያከራክር አይመስለኝም።

በውኃ የሚሠራውን ግን በጠዋት፣ ከቡናው ሰዓት በፊት፣ ልትረጭ ትችላለህ። የቤቱን በር ዝጋ፤ ሞዴሉን ፊቱ በተከፈተ ትልቅ ካርቶን ውስጥ አስገብተህ የካርቶኑን ውስጥ በእርጥብ ጨርቅ ሸፍነው፤ የተረፈው ብናኝ እዚያ ይያዛል። የጎረቤትም ልብስ ይተርፋል። ነፋስ ወደ ቤት የሚነፍስ ከሆነ ለሌላ ቀን ተወው።

በካርቶን ላይ ተራ የቤት ማራገቢያ ገጥሞ አየር ማስወጫ መሥራት የሚመክሩ አሉ። ለውኃው ምንም አይደለም። ለላከር ግን ሞተሩ በትነቱ መንገድ ላይ ተቀምጦ ብልጭታ ሊፈጥር ስለሚችል ለዚያ ተብሎ ያልተሠራ ማራገቢያ አትጠቀም።

ብሩሽ ብቻ (ባሕር ዳር)

እኔ ኤርብራሽ የለኝም፤ ኮምፕሬሰር የለኝም፤ ከጎረቤት ጋርም ጠብ የለኝም። ፕራይመር በብሩሽ ይቀባል፣ ሰው ረስቶት ነው እንጂ። የብልቃጡን ላከር ፕራይመር ትንሽ አቅጥኜ፣ ሰፊና ለስላሳ ብሩሽ ይዤ፣ አንድ አቅጣጫ ብቻ እየሳብኩ አንድ ጊዜ አልፈዋለሁ። የብሩሹ ፈለግ ይኖራል፤ ሲደርቅ አሸዋለሁ፣ ያልቃል። የሚሸት ነገር ስለሆነ መስኮት ይከፈታል፣ እሳትም አይቀርብም፤ ግን አየር ላይ የሚበር ብናኝ የለም። ለታንክና ለመርከብ ከበቂ በላይ ነው።

ሙጫና ሞረድ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ብሩሽ ለታንክ ልክ ነህ። ለአልሙኒየም መልክ ግን የብሩሽ ፈለግ እስኪጠፋ ድረስ ስታሽ የሲ-47ቱን የምስማር ራሶች አብረህ ትልጣቸዋለህ።

ብሩሽ ብቻ (ባሕር ዳር)

ለዚህም ነው አልሙኒየም አውሮፕላን የማልሠራው።

እንጦጦ ግርጌ (አዲስ አበባ)

ከአዲስ አበባ የምጽፍ ስለሆነ የምናወራው ስለ አንድ አየር ነው ብዬ ልጨምር። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነን። እዚህ ሟሟ ከባሕር ዳርቻ ይልቅ ፈጥኖ ይተናል፤ በበጋ ደግሞ አየሩ ደረቅ ነው። በውጭ አገር ቪዲዮ የምታየውን ርቀትና ቅጥነት እንዳለ ብትወስደው ፕራይመሩ ሞዴሉ ላይ ሳይደርስ አየር ላይ ይደርቃል፤ በጣት ሲዳሰስ አሸዋ አሸዋ የሚል ገጽ ይሰጥሃል። በተለይ ክንፉ ከገላው ጋር የሚገናኝበት ማዕዘን ላይ ይከማቻል፤ አየሩ እዚያ ገብቶ ስለሚሽከረከር ደረቁ ብናኝ መውጫ ያጣል።

መፍትሔው ቀረብ ማለት፣ ግፊቱን መቀነስና ቀስ ብሎ በሚተን ማቅጠኛ ማቅጠን ነው። ላከር ከሆነ ሚስተር ሌቭሊንግ ቲነር የሚባለው ማዘግያ ስላለበት ለእኛ ከተማ ይስማማል፤ አንድ እጅ ፕራይመር ለአንድ ተኩል ወይም ሁለት እጅ ቲነር። ግፊት ከ1 እስከ 1.4 ባር፣ ርቀት ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር። ገጹ ላይ ሲያርፍ ለቅጽበት እርጥብ ሆኖ መታየት አለበት፤ ካረፈ በኋላ የመብራቱን ነጸብራቅ ካላየህበት ርቀሃል፣ መንሸራተት ከጀመረ ቀርበሃል።

ክረምት ላይ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ዝናብ እየጣለ ላከር ብትረጭ ሟሟው ሲተን ገጹን ያቀዘቅዘዋል፤ የአየሩ እርጥበት እዚያ ይጠራቀምና ነጭ ጉም የመሰለ ነገር ይለብሳል። ግራጫው ላይ ብዙም አይታይም። አንጸባራቂው ጥቁር ላይ ግን ያጋልጥሃል።

ቢጫ ጣት (ሬሆቮት)

እርጥበቱን እኛ ጋ እስራኤል ጠይቁ፤ የባሕር ዳርቻው በጋ ነው የሚያስቸግረን። እዚህ ሌሊትና ንጋት ላይ እርጥበቱ ከፍ ይላል፣ ቀትር ላይ ዝቅ ይላል። ብዙ ሰው ሲቀዘቅዝ ልርጭ ብሎ ምሽት ይመርጣል፤ ለላከር የሚከፋው ሰዓት እሱ ነው። ትንሽ የእርጥበት መለኪያ ገዝታችሁ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ። ከ65 በመቶ በላይ ካሳየ እኔ ብርጭቆ ወረቀቴን ይዤ ሌላ ሥራ እሠራለሁ።

ጣሳ ለሚጠቀሙ፦ ሲበርድ ግፊቱ ይወድቅና ትላልቅ ጠብታ ይተፋል። ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ አቁሙት። ለብ ያለ ማለት እጅ የሚችለው ነው። ጣሳው ላይ ከ50 ዲግሪ በላይ አታድርሱት ተብሎ የተጻፈው ለጌጥ አይደለም፤ ምድጃ ላይ፣ የፈላ ውኃ ውስጥ፣ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥም አይሆንም። ሻርጃ ያለው ወንድማችን የመጨረሻውን ሳያውቀው አይቀርም።

ሻርጃ 72 (ሻርጃ)

አውቀዋለሁ። በሐምሌ እዚህ መኪና ውስጥ ጣሳ የሚተው ሰው መኪናውን የጠላ ነው።

ንስር ክንፍ (አዲስ አበባ)

እንግዲህ ሐሳቤ ወደ ውኃው አዘነበለ። ነጩ ለ787ቱ ግልጽ ነው። ለሲ-47ቱ የሚሆን አንጸባራቂ ጥቁር በውኃ የሚሠራ አለ? ባለ 0.3 አፍንጫዬስ ይችለዋል? ደግሞ ከሲ-47ቱ ጋር ከናስ የተቆረጡ ስስ ዕቃዎችና የሬዚን (ቅርጽ ውስጥ ፈሶ የሚጠነክር ፕላስቲክ) ሞተሮች ለየብቻ ገዝቻለሁ።

ሙጫና ሞረድ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

አለ። ቫሌሆ ለብረት መልክ ቀለሞቹ ማረፊያ የሚሸጠው አንጸባራቂ ጥቁር ፕራይመር አለ፤ የብረት ቀለሞቹም ራሳቸው በውኃ የሚሠሩ ናቸው። ስለዚህ ከታች እስከ ላይ ያለ ላከር ልትጨርሰው ትችላለህ።

የውኃ ፕራይመር ግን የራሱ አመል አለው። 0.3 ይችለዋል፣ ግን እየደረቀ አፍንጫውን ይዘጋል፤ በየመሀሉ ጫፉን በማቅጠኛ በራሰ ብሩሽ መጥረግ አለብህ። 0.4 ወይም 0.5 ይመቸዋል። ግፊቱ ከላከሩ ትንሽ ከፍ ይላል፤ ስታይኒልሬዝ ለምሳሌ ሳይቀጥን ወደ 2 ባር ገደማ ይፈልጋል። ካቀጠንከው በራሱ በአምራቹ ማቅጠኛ ይሁን። አልኮል አትጨምርበት፤ አንዳንዶቹ ጽዋው ውስጥ እንደ እርጎ ይረጉና ኤርብራሹን ፈታተህ ስታጥብ ታመሻለህ።

ሌላው አመሉ ሲታሽ ነው። ፖሊዩረቴን ስለሆነ በላከር ልክ ወደ ዱቄት አይለወጥም፤ ሳይጠነክር ከነካኸው ጠርዙ ይላጣል። ሲነካ የደረቀ ቢመስልህም ቢያንስ 24 ሰዓት ጠብቀው፤ እኔ 48 እሰጠዋለሁ። ከዚያ ውኃ እያስነካህ፣ ሳትጫን አሸው። ጉድለት መፈተሹን ሁሉ ጨርሰህ ወደ ጥቁሩ ብትሄድ ይሻላል።

ፕራይመሩ ከመድረሱ በፊት ማጠብ አትርሳ። ፕላስቲኩን ለብ ባለ ውኃና በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ። የጣት ቅባት ለውኃ ፕራይመር ጠላቱ ነው፤ ከታጠበ በኋላ በጓንት ያዘው። ሬዚኑ ከቅርጽ ማውጫው የተረፈ ቅባት ስላለበት እሱን ደግመህ እጠበው። ለናሱ ደግሞ የውኃ ፕራይመር ብቻውን አላምንበትም፤ ጎንበስ ስታደርገው ይላጣል። ለብረት የሚሆን ቀለም የሌለው ፕራይመር አለ፤ ሚስተር ሆቢም ታሚያም ይሠራሉ፣ በብሩሽ ይቀባል። እሱም ሟሟ ነው፤ በሻንጣ አይመጣም።

የቃሊቲው ቀቢ (አዲስ አበባ)

ለናሱ እኔ አለሁ። አሲድ ያለበትን የብረት ፕራይመር ጠብታ ያህል ቢገኝ ይበቃዋል፤ ናሱን ግን ከሞዴሉ ላይ ሳትለጥፈው ቀድሞ ነው የሚቀባው፣ ፕላስቲኩን እንዳይነካ። መጀመሪያ በ1000 ብርጭቆ ወረቀት ዳበስ አድርገው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የጋራዡ መርጫ ክፍል ባዶ ነው። አየር ማውጫ አለው፣ እሳት አይገባበትም፤ ትርፍ ጭምብልና አዲስ ማጣሪያም አለኝ። ላከር የምትለውን ሁሉ እዚያ መርጨት ትችላለህ፤ የፈለግከውን ሌላ ሰውም ይዘህ ና።

እንጦጦ ግርጌ (አዲስ አበባ)

ጋሼ፣ እኔም ልምጣ? መንፈቅ ሙሉ ሳልረጨው የተቀመጠ የኤፍ-5 ተዋጊ ጄት ሞዴል አለኝ።

የቃሊቲው ቀቢ (አዲስ አበባ)

ነይ እንጂ ልጄ። ጠፍጣፋ ጫማ አድርጊ፣ ወለሉ ይንሸራተታል። አድራሻውን ለሁለታችሁም በግል መልእክት እልካለሁ።

ንስር ክንፍ (አዲስ አበባ)

ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። ሲ-47ቱን በካርቶን አሽጌ ይዤ እመጣለሁ። የ787ቱን የመስኮት መስታወትስ? በፕራይመሩ እንዳይበላሽ ምን ላድርግ?

ሙጫና ሞረድ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

የአብራሪዎቹን መስታወት በፕላስተር ሸፍነህ ጠርዙን በጥርስ እንጨት ተጫነው። የመንገደኞቹን መስኮት ብዙ ሰው ደፍኖ በዲካል (በውኃ ርሶ በሚለጠፍ ሥዕል) ነው የሚሠራው፤ አንተም እንደዚያ ካሰብክ ከነጩ በፊት ድፈነው።

አወያይ

የዲካሉ ጉዳይ ሌላ የውይይት ክር አለው፤ እዚያ ቀጥሉ። ይህ ክፍት ይቆያል።

የቃሊቲው ቀቢ (አዲስ አበባ)

ንስር፣ ለመጀመሪያው ቅዳሜ ሲ-47ቱን ቤት ተወው። ክፍሎቹ ተያይዘው የመጡበትን የፕላስቲክ ክፈፍ ይዘህ ና፤ ያው ፕላስቲክ ነው። ፕራይመሩን እሱ ላይ እንረጨዋለን፣ በማግሥቱ ፕላስተር ለጥፈህ ንቀለው። ምንም ካልተነሣ ሞዴሉን በሚቀጥለው ሳምንት ታመጣዋለህ።